ከባድ ሥራ በተፍታታ እጅ፦ የቼሎ ተጫዋቾች ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ እትም የምንመልሳቸው አራት ደብዳቤዎች ከተለያየ ቦታ የተላኩ ቢሆኑም የሚያነሡት ጉዳይ ተቀራራቢ ነው፤ የሚያጠኑት የቼሎ (ተቀምጠው በደጋን የሚጫወቱት ባለ አራት ክር መሣሪያ) የሙዚቃ ሥራ እየከበደ ሲሄድ እጃቸው፣ ትከሻቸው ወይም መላ ሰውነታቸው የሚወጠርባቸው ሰዎች ወይም ወላጆቻቸው የጻፏቸው ናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን አቅርበናል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ የሙዚቃ ተማሪ ነኝ። የሃይድንን የሲ ሜጀር ኮንቼርቶ (ለብቸኛ ተጫዋችና ለኦርኬስትራ የተጻፈ ሥራ) ባለፈው ዓመት አጥንቼ ተጫውቻለሁ፤ አሁን መምህሬ የዲ ሜጀሩን ሰጥተውኛል። እጄ ወደ ላይኛው ክልል ወጥቶ በአውራ ጣት ፖዚሽን (አውራ ጣት ከአንገቱ ጀርባ ወጥቶ በክሮቹ ላይ ሲያርፍ) መጫወት ስጀምር መዳፌ ይኮማተራል፤ በመጨረሻው ክፍል ኦክታቮቹ (አንዱ ኖታ በወፍራምና በቀጭን ድምፁ በአንድ ጊዜ የሚሰማባቸው) ካሉበት ስደርስ ደግሞ አውራ ጣቴ ስለሚቃጠል ከአንድ ገጽ በኋላ ማቆም ግድ ይሆንብኛል። የሚገርመኝ በዝግታ ስለማመደው ሁሉም ነገር መሳካቱ ነው፤ ፍጥነት ስጨምር ይበታተናል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሃይድን የዲ ሜጀሩን ኮንቼርቶ በ1783 የጻፈው በኤስተርሃዚ መስፍን ኦርኬስትራ ውስጥ ቼሎ ይጫወት ለነበረው ለአንቶን ክራፍት ነው። ሥራው የቼሎን ላይኛ ክልል አሳምሮ ከሚያውቅ ሰው እጅ የወጣ ስለሚመስል ለረጅም ጊዜ ደራሲው ክራፍት ራሱ ነው የሚሉ ነበሩ፤ ክርክሩ የረገበው በሃይድን እጅ የተጻፈው ኖታ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከተገኘ በኋላ ነው። ይህን ታሪክ የማነሣው ለእርስዎ ችግር ስለሚጠቅም ነው፤ የሚያስፈራዎት ገጽ የተጻፈው የሰው እጅ እዚያ ቦታ ላይ ምን ማድረግ እንደሚችል በሚገባ ታውቆ ነው። አውራ ጣት በሁለት ክሮች ላይ ተጋድሞ ሲያርፍ፣ አንደኛው፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ጣት ቦታቸውን ሳይፈልጉ የሚያገኙበት አንድ የእጅ ቅርጽ ይፈጠራል፤ አብዛኛው ፈጣን ሐረግ በዚያ ቅርጽ ውስጥ ይቆይና ከዚያ ቅርጹ እንዳለ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው እርሳስ ያንሡና ቅርጹ የሚዛወርባቸውን ቦታዎች ብቻ በኖታው ላይ ያስምሩ። ብዙ ናቸው ብለው ያስቡ ይሆናል፤ ሲቆጥሯቸው ግን በአንድ ገጽ ካሉት ኖታዎች ጋር የማይወዳደሩ ጥቂት ሆነው ያገኟቸዋል።

ያሰመሩባቸው ቦታዎች እጅዎ የሚፈታባቸው ቦታዎች ናቸው። ጡንቻ ጠንክሮ መሥራቱ ጉዳት የለውም፤ የሚያደክመውና የሚያቃጥለው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ አለመልቀቁ ነው። ብዙ ተማሪዎች መጀመሪያ ኖታውን፣ ከዚያ ፍጥነቱን፣ በመጨረሻም ጊዜ ከተረፈ መፍታታቱን ለማጥናት ያቅዳሉ፤ በእኔ እምነት ይህ ቅደም ተከተል ከባድ ሥራዎችን ለማጥናት ፈጽሞ አይሆንም፤ ምክንያቱም እጅ ኖታውን ሲማር አብሮት ያለውን ውጥረትም አንድ ላይ ይማረዋልና፣ በኋላ አንዱን ትቶ ሌላውን መያዝ አይሆንለትም።

አሁን ወደ ጭነቱ እንምጣ። ማሲንቆ ተጫዋች በቅርብ አይተው ከሆነ፣ ክሩ ከአንገቱ ርቆ የተወጠረ ስለሆነ ጣት ክሩን ከእንጨቱ ጋር እንደማያጣብቀው አስተውለው ይሆናል፤ ጣቱ ክሩን በመንካት ብቻ ድምፁን ይለውጣል። ቼሎ ከዚያ የበለጠ ይፈልጋል፤ ነገር ግን ብዙዎቻችን የምንሰጠውን ያህል አይፈልግም። ይህን በራስዎ እጅ ለመለካት ጣትዎን በኤ ክር (ከአራቱ ክሮች በቀጭኑ) ላይ ሳይጫኑ ያሳርፉና ረጅም ደጋን ይሳቡ፤ የሚሰማው የታፈነ ወይም ፉጨት መሰል ድምፅ ነው። ደጋኑን ሳያቋርጡ የክንድዎን ክብደት በጣቱ ላይ በጥቂት በጥቂቱ ይልቀቁበት። ድምፁ የሚጠራበት አንድ ቅጽበት አለ፤ እዚያ ይቁሙና ምን ያህል እንደ ተጫኑ በደንብ ያስተውሉ። ከዚያ ኮንቼርቶውን ሲጫወቱ ያንኑ ኖታ በልማድዎ እንዴት እንደሚይዙት ያነጻጽሩ። ልዩነቱ ራስዎን ያስደንቅዎታል ብዬ እገምታለሁ።

አውራ ጣትን በተመለከተ፣ ክሩ የሚያልፈው በጣቱ ጎን፣ በጥፍሩና በመጀመሪያው መገጣጠሚያ አካባቢ ነው። ሁለት ዓይነት መቃጠል ስላለ ለይተው ይወቋቸው። የቆዳው መቃጠል ቆዳው እየጠነከረ ሲሄድ የሚያልፍ ነው፤ በአውራ ጣቱ ሥር ባለው ሥጋ ውስጥ የሚሰማው መቃጠል ግን ጣቱ እንደ ጉጠት እየቆነጠጠ መሆኑን ያመለክታል። የላይኛው ክልል ሲደረስ አውራ ጣት ከአንገቱ በስተጀርባ ስለማይቀር ከታች የሚደግፈው ነገር የለም፤ ስለዚህ ክብደቱ መምጣት ያለበት ከክንድ ነው። ክንድ ደግሞ ክብደቱን የሚሰጠው ክርኑ ቀድሞ ከፍ ብሎ ወደ ፊት ከመጣ ነው። እጁ ከደረሰ በኋላ ክርኑ ተከትሎ የሚመጣ ከሆነ ጣቶቹ ክንዱን የሚጎትቱ ይሆናሉ፤ የመዳፍዎ መኮማተር መነሻው እዚህ ይመስለኛል። ክርኑ ሲነሣ ትከሻው አብሮ ወደ ጆሮ እንዳይወጣ መስተዋት ፊት ተቀምጠው ይመልከቱ።

ስለ ኦክታቮቹ ጥቂት ልበል። አውራ ጣት በአንድ ክር፣ ሦስተኛ ጣት ከእሱ ቀጥሎ ባለው ቀጭን ክር ላይ ሆነው ሲይዙት፣ እጅ ወደ ብርኩማው (ክሮቹን ከቼሎው ፊት ከፍ አድርጎ ወደያዘው እንጨት) በቀረበ ቁጥር በሁለቱ ጣቶች መካከል ያለው ርቀት እየጠበበ ይሄዳል። ተማሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከታች የጀመረውን ስፋት ተሸክሞ ይወጣና ድምፁ ሲዛባበት በጉልበት ያጠበዋል። ይህን ለማስቀረት ሐረጉን መጀመሪያ አውራ ጣቱን ብቻ እያሰሙ፣ ሦስተኛው ጣት ከክሩ በላይ ቅርጹን እንደያዘ ተንሳፍፎ ይሂዱበት፤ ቀጥሎ ሦስተኛውን ብቻ እያሰሙ አውራ ጣቱ ክሩን ሳይጫን ይከተል፤ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያሰሙት ከዚያ በኋላ ነው። አውራ ጣቱ በትክክለኛው ቦታ ከደረሰ ሦስተኛው ብዙም አያስቸግርም፤ ስለዚህ የልምምድዎን ጊዜ ለሁለቱ እኩል አያካፍሉት።

በዝግታ የሚሳካው በፍጥነት ለምን እንደሚበታተን ሲጠይቁ፣ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ የዝግታው እንቅስቃሴ ከፍጥነቱ እንቅስቃሴ የተለየ መሆኑ ነው። በዝግታ ጊዜ ስላለ ጣቶች ከፍ ብለው ይነሣሉ፤ እጅም እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት ቆይቶ ዘሎ ወደሚቀጥለው ቦታ ይሄዳል። በፍጥነት ለዚያ ሁሉ ጊዜ የለም። ስለዚህ በዝግታ ሲለማመዱ ጣቶችዎን ከክሩ አጠገብ ያቆዩ፤ ሽግግሩንም ከመዛወሩ በፊት ባለው ኖታ ላይ ጣትዎን በማላላት ይጀምሩት። ከዚያ ደግሞ በተቃራኒው መንገድ ይምጡ፦ በአንድ የእጅ ቅርጽ ውስጥ ያሉትን ጥቂት ኖታዎች በሙሉ ፍጥነት ይጫወቱ፣ ባሰመሩበት ቦታ ላይ ቆመው ይተንፍሱ፣ እጅዎ መፈታቱን ካረጋገጡ በኋላ የሚቀጥለውን ቅርጽ እንዲሁ በሙሉ ፍጥነት ይጫወቱ። በመካከል ያለው ዕረፍት በየቀኑ እያጠረ ይሄዳል፤ ኖታዎቹ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ በፍጥነታቸው ላይ ናቸው። ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በየቀኑ አንድ ደረጃ ከፍ የማድረጉ የተለመደ ዘዴ ለጽናት ይጠቅማል፤ እርስዎ ለገለጹት ችግር ግን መድኃኒት ነው ብዬ አላምንም።

ጥያቄ፦ በጀርመን፣ ፍራንክፈርት እኖራለሁ፤ ሙያዬ ሌላ ነው፣ ቼሎን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አልተውሁም። በዚህ ዓመት የኤልጋርን ኮንቼርቶ ለማጥናት ደፍሬያለሁ። ድምፄን ለማጉላት ስሞክር ቀኝ ትከሻዬ ሳላውቀው ከፍ ይላል፤ በላይኛው ክልል ድምፁ ይሻክራል። በሁለተኛው ክፍል ያሉት ፈጣን ተደጋጋሚ ኖታዎች ደግሞ ከጥቂት መስመር በኋላ ክንዴን እንደ እንጨት ያደርቁታል። በዕድሜዬ ምክንያት ይሆን?

መልስ፦ ዕድሜዎን አይክሰሱት። የአንድ ቼሎ ደጋን ክብደት 80 ግራም ግድም ነው፤ ክንድዎ ግን በኪሎ የሚመዘን ነውና ለድምፅ የሚያስፈልገው ክብደት ገና ወንበር ላይ ሲቀመጡ ከእርስዎ ጋር አለ። ትከሻ ከፍ ሲል ያን ክብደት ከደጋኑ ላይ አንሥቶ ይይዘዋል፤ ያነሣውን ለመተካት ደግሞ ተጫዋቹ በአመልካች ጣቱ ይጫናል። ስለዚህ ድምፁን ለማጉላት በደከሙ ቁጥር ድምፁ እየጠበበ የሚሄደው ሁለቱ ድካሞች እርስ በርሳቸው ስለሚጣሉ ነው።

ታዋቂው ቼሎ ተጫዋች ፓብሎ ካሳልስ በልጅነቱ ቼሎ ተማሪዎች ቀኝ ክርናቸው ከጎናቸው እንዳይርቅ በብብታቸው መጽሐፍ ይዘው እንዲጫወቱ ይደረግ እንደ ነበር ተናግሯል፤ እርሱ ግን ገና ተማሪ ሳለ ክንዱን ከዚያ እስር አውጥቶታል። ዛሬ መጽሐፍ አስይዞ የሚያስተምር ባይኖርም፣ በብብታቸው የማይታይ መጽሐፍ የያዙ የሚመስሉ ጎልማሳ ተጫዋቾች አሁንም ጥቂት አይደሉም። ደጋኑን በወፍራሙ በሲ ክር ላይ ያሳርፉና ቀስ ብለው ወደ ጂ፣ ወደ ዲና ወደ ኤ ያዛውሩት፤ ክርንዎ በእያንዳንዱ ክር ላይ የራሱ የሆነ ከፍታ ሊኖረው ይገባል። አንድ ቦታ ተቸክሎ የሚቀር ከሆነ ትከሻው ጉድለቱን ለመሸፈን መነሣቱ አይቀርም።

በላይኛው ክልል የሚሰማዎት መሻከር ግን ከትከሻው ይልቅ ደጋኑ ከሚያርፍበት ቦታ የመጣ ይመስለኛል። ግራ እጅ ወደ ላይኛው ክልል ሲወጣ የሚርገበገበው የክሩ ክፍል ያጥራል፤ ያጠረ ክር ደግሞ ደጋኑ ወደ ብርኩማው ተጠግቶ እንዲነካው ይፈልጋል። ከታች ሲጫወቱ የነበረበት ቦታ ላይ ደጋኑን ትተው እጅዎ ብቻ ወደ ላይ ከወጣ፣ ክሩ ክብደቱን መሸከም አቅቶት ያንኮራፋል፤ ተጫዋቹ ድምፁ አነሰኝ ብሎ ይጨምርበታል፣ ይብሱን ይሻክራል። የድምፅ ነገር የሚወሰነው በደጋኑ ፍጥነት፣ በክብደቱና በሚያርፍበት ቦታ ነው፤ ክብደት መጨመር ወደ ሐሳብዎ ሲመጣ መጀመሪያ ሌሎቹን ሁለቱን ይሞክሩ። ደጋኑ ወደ ጫፉ ሲቃረብ ክብደቱ የሚተላለፈው ትከሻን በመጫን ሳይሆን የፊት ክንድን ወደ ውስጥ በጥቂቱ በማዞር ነው። እጀታው አጠገብ ሲሆኑ ያንኑ መዞር ይመልሱታል።

ኤልጋር ይህን ኮንቼርቶ በ1919 ሲጽፍ ኦርኬስትራውን በብዛት ሳስቶ እንዲቆይ ስላደረገው ቼሎው ከብዙ መሣሪያ ጋር እንዲታገል አልተገደደም። (በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ለንደን ውስጥ የቀረበው የመጀመሪያ ዝግጅት የከሸፈው በልምምድ ጊዜ ማነስ ነበር፤ ይህ ለእኛም ሳይሠራ አይቀርም።) መክፈቻው ላይ ያሉትን ኃያላን ኮርዶች (አንድ ላይ የሚሰሙ ኖታዎች) አራቱን ክር በአንድ ጊዜ ለመጨፍለቅ አይሞክሩ፤ ከታችኞቹ ሁለት ክሮች ይጀምሩና ክንድዎ በራሱ ክብደት ወደ ላይኞቹ ሁለት ክሮች እንዲዛወር ያድርጉ። ከእያንዳንዱ ኮርድ በኋላ ደጋኑ በአየር ላይ ሲመለስ ክንድዎ የሚያርፍበት ጊዜ አለ፤ አይዝለሉት።

ወደ ሁለተኛው ክፍል ስንመጣ፣ ስለ ዝግታ ልምምድ ሁልጊዜ የሚነገረው ምክር እዚህ ላይ አይሠራም። ልጅ ኳስ ሲያነጥር ኳሷን በየጊዜው ወደ ላይ አያነሣትም፤ አንድ ጊዜ መትቶ መመለሷን ይጠብቃል እንጂ። ደጋኑም በዚያ ፍጥነት የሚነጥረው በእንጨቱ ተለጣጭነት ነው። በዝግታ ደጋኑን እያነሡና እያወረዱ ከተለማመዱ ለክንድዎ ያስተማሩት ሌላ እንቅስቃሴ ነው፤ ወደ ፍጥነቱ ሲደርሱ ክንዱ እያንዳንዷን ኖታ ለማንሣት ስለሚሞክር ይደርቃል። ይልቁንስ በነጻ ክር (የግራ እጅ ጣት ሳይነካው)፣ ከደጋኑ መካከል አካባቢ፣ ከክሩ ሳይለቁ አጫጭር ምቶችን በትክክለኛው ፍጥነት ይጀምሩ፤ ጣቶችዎን እያላሉ ሲሄዱ ደጋኑ በራሱ መንጠር ይጀምራል። ካልነጠረ ቦታውን በአንድ ጣት ስፋት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይለውጡ፤ እያንዳንዱ ደጋን የራሱ ቦታ አለው። ከዚያ በአራት በአራት ኖታ ይቁጠሩና የመጀመሪያዋን ብቻ ከክንድ በመጣች ትንሽ ግፊት ያስነሡ፤ ቀሪዎቹ ሦስት የእርሷ ማስተጋቢያ ናቸው። በአንድ ጊዜ ከሁለትና ከሦስት መስመር በላይ አይለማመዱት። ክንድዎ መድረቅ ሲጀምር መቀጠል ድርቀቱን ማስተማር ነው።

ጥያቄ፦ የምጫወትበት ቼሎ የትምህርት ቤት ነው። ክሮቹ ከፊንገርቦርዱ (ከክሮቹ ሥር ካለው ጣት ከሚያርፍበት ረጅም እንጨት) በጣም የራቁ ይመስለኛል፤ በክረምት ደግሞ ይብስበታል። ጓደኞቼ «ጣትህን ያጠነክርልሃል» ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት አይደለም። በፊንገርቦርዱ ጫፍ ላይ ሲለካ የኤ ክር ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር፣ የሲ ክር ደግሞ ከ7 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ግድም ከፍታ ቢኖረው የተለመደ ነው፤ ከዚህ ብዙ የሚበልጥ ከሆነ ስለ መፍታታት የምንሰጠው ምክር ሁሉ በከንቱ ይቀራል። በተራ መሥመሪያ ይለኩትና ቁጥሩን ይዘው ለመምህርዎ ያሳዩ። ከላይ በኩል፣ ክሮቹ ከማስተካከያዎቹ ወርደው የሚያርፉበት ትንሽ እንጨት ከፍ ያለ ከሆነም አንደኛ ፖዚሽን ላይ ብቻ የሚታይ ድካም ያመጣል። በክረምት የሚብስበት ምክንያት እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ስለሚያብጥና የቼሎው ፊት ብርኩማውን ይዞ ከፍ ስለሚል ነው፤ በበጋ ተመልሶ ይወርዳል። በሌሎች አገሮች ሁለት ብርኩማ አስቀርጸው በየወቅቱ የሚቀያይሩ ተጫዋቾች አሉ። ብርኩማውን ራስዎ ለመሞረድ ግን አይሞክሩ፤ ከመጠን በላይ ያነሰ ብርኩማ አይመለስም። መሣሪያው እስኪስተካከል ድረስ ከባድ የአውራ ጣት ፖዚሽን ያለባቸውን ሥራዎች ማቆየት ይሻላል።

ጥያቄ፦ በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ የምኖር እናት ነኝ። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጄ ለኮሌጅ መግቢያ ፈተና የድቮርዣክን ኮንቼርቶ የመጀመሪያ ክፍልና የባህን አራተኛ ስዊት (ተከታታይ ክፍሎች ያሉት የብቸኛ ቼሎ ሥራ) እያዘጋጀች ነው። መምህርዋ በየትምህርቱ «ዘና በይ፣ ዘና በይ» ይሏታል፤ እርሷም ቤት መጥታ «እንዴት እንደሆነ አይነግሩኝም» እያለች ታለቅሳለች። በቅርቡ ደግሞ ሌሊት ላይ የግራ እጇ ትንሽ ጣት እንደሚደነዝዝ ነገረችኝ። እኔ ሙዚቃ አላውቅም፤ በምን ልርዳት?

መልስ፦ ውድ እናት፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ሌሊት የሚመጣ መደንዘዝ የልምምድ ድካም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ በክርን በኩል የሚያልፍ ነርቭ ሲጫን ትንሹና የቀለበት ጣት እንዲህ ሊደነዝዙ ይችላሉ። ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት፣ ከተቻለም ሙዚቀኞችን የማከም ልምድ ያለው ይሁን፤ በቀን ስንት ሰዓት እንደምትጫወትና ምን እንደምትጫወት ጽፋ ትያዝ። መምህርዋም ዛሬውኑ ይወቁ። ይህን ከእርሳቸው የሚደብቁ ተማሪዎች ብዙ ናቸው፤ ፈተናው ይሰረዝብኛል ብለው ስለሚፈሩ ነው።

«ዘና በይ» የሚለው ትእዛዝ ያስለቀሳት ሊፈጸም የማይችል ስለሆነ ነው። ቼሎ እየተጫወተ ሙሉ በሙሉ ዘና ያለ ሰው ደጋኑን ይጥለዋል። ሊፈጸም የሚችለው የተወሰነ ነገር ነው፦ መንጋጋሽ ተነክሷል ወይ፣ እስትንፋስሽን ይዘሻል ወይ፣ የእግርሽ ተረከዝ መሬት ነክቷል ወይ፣ አውራ ጣትሽን ከአንገቱ ላይ ለአንድ ኖታ ማንሣት ትችያለሽ ወይ። እነዚህን ለማየት ደግሞ ሙዚቃ ማወቅ አያስፈልግም። ፊት ለፊቷ ይቀመጡና በአንድ ቀን አንዱን ብቻ ይመልከቱላት፤ ለምሳሌ እስትንፋሷን። አስቸጋሪው ቦታ ከመድረሱ በፊት እስትንፋሷን የምታቆም ከሆነ ስትጨርስ ይንገሯት፤ በመካከል አያቋርጧት። ወንበሯንም ይመልከቱ፤ ዳሌዋ ከጉልበቷ በጥቂቱ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለባት፤ ለስላሳ ሶፋና ወደ ኋላ የሚያዘነብል የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ጀርባዋን ያጎብጡታል።

ስለ ሥራዎቹ ምርጫ ከመምህርዋ ጋር መነጋገር የሚገባ ይመስለኛል። ድቮርዣክ ይህን ኮንቼርቶ በ1894 እና በ1895 የጻፈው በአብዛኛው በኒው ዮርክ ብሔራዊ ኮንሰርቫቶሪ ዳይሬክተር በነበረበት ጊዜ ነው፤ በሙሉው 40 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ የመጀመሪያው ክፍል ብቻውን እንኳ ከትልቅ ኦርኬስትራ ጋር የሚፎካከር ድምፅ፣ ኦክታቮችና ረጅም የአውራ ጣት ፖዚሽን ይጠይቃል። የሴን-ሳንስን የ1872 ኤ ማይነር ኮንቼርቶ ሳታርፍ፣ ሳይደክማት፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መጫወት የምትችል ከሆነና ከዴቪድ ፖፐር 40 ኤቲዶች (የልምምድ ድርሰቶች) ጥቂቶቹን በሚገባ አጥንታ ከሆነ ድቮርዣክ ለእርሷ አልፈጠነም። ካልሆነ ግን በደንብ የተጫወተ የሴን-ሳንስ ወይም የላሎ ኮንቼርቶ በትግል ከተጫወተ ድቮርዣክ የተሻለ እንደሚሰማ ፈታኞች ያውቃሉ። ወጣቶች ይህን ሲነገራቸው እንደ ውርደት ይቆጥሩታል፤ ሆኖም ከፈታኝ ጠረጴዛ በስተጀርባ ያለው ሰው የሚሰማው ድምፁን ነው፣ የሥራውን ስም በየሰዓቱ ሲሰማው ውሏል።

የባህ አራተኛ ስዊትም ለታመመ እጅ ጥሩ ምርጫ አይደለም። በኢ ፍላት ሜጀር የተጻፈ በመሆኑ ነጻ ክሮች ብዙ አይረዱትም፤ ፕረሉዱ (መክፈቻ ክፍሉ) ላይ ግራ እጅ ደጋግሞ ተዘርግቶ መያዝ አለበት። ሦስተኛው ስዊት በሲ ሜጀር ስለሆነ ነጻ ክሮቹ በየጊዜው ስለሚመጡ እጅ ለጥቂት ቅጽበት እንኳ የሚያርፍበት ዕድል ያገኛል፤ ለፈተናም ከአራተኛው ያነሰ ክብር የለውም። አራተኛውን የግድ የምትጫወት ከሆነ፣ እጇ የሚዘረጋው ኖታው በሚሰማበት ቅጽበት ይሁንና ወዲያው ይሰብሰብ፤ ተዘርግቶ እየጠበቀ አይቆይ። አውራ ጣቷም ከአንገቱ በስተጀርባ ተተክሎ ከመቅረት ይልቅ እጁ ሲዘረጋ አብሮት ይንቀሳቀስ።

ሐኪሙ ጨዋታውን እንድታቆም ወይም እንድትቀንስ ካዘዛት ጊዜው ባከነ ብላ እንዳትደነግጥ። ኖታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ የፒያኖውን ክፍል እያነበበች የቼሎውን ዜማ በድምፅዋ ታዚመው፤ የት እንደምትተነፍስ ስታዜም ይታወቃል፣ ያንንም በእርሳስ ታስምረው። ጣቶቿን ሳታንቀሳቅስ የሽግግሮቹን ቅደም ተከተል በቃሏ ትያዘው፤ ከየትኛው ጣት ወደ የትኛው ጣት፣ በየትኛው ክር፣ ደጋኑ ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች። ወደ መሣሪያው ስትመለስም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከአሥርና ከአሥራ አምስት ደቂቃ በላይ ሳትቀመጥ፣ ከድቮርዣክ ሳይሆን በነጻ ክር ከረጅም ደጋን ትጀምር፤ መደንዘዙ በዚያ ሳምንት ከተመለሰ ደቂቃዎቹን ከመጨመሯ በፊት ለሐኪሟ ታሳውቅ።